ዝውውር፦ ባለአጥሩ ግቢ ይሻላል ወይስ ከተማ መሐል ያለው? ለሰሜን ሸዋ ተማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

በእኛ አካባቢ ኮሌጅ ለመቀየር የሚያስብ ተማሪ ጥያቄውን የሚጀምረው በከተማ ስም ነው። «ደብረ ብርሃን ይሻላል አዲስ አበባ?» ይላል። መልሱም ከየአቅጣጫው ይመጣል። እናት «ከዓይኔ አትራቅ» ትላለች። አዲስ አበባ ያለው አጎት «እዚያ ብርድ ላይ ምን ትሠራለህ፣ ና እንጂ» ይላል። ጓደኛ ደግሞ የካፌውን ሽሮ ፎቶ በቴሌግራም ልኮ «ሳይመሽ አምልጥ» ይላል።

ሁሉም የሚመክሩት በራሳቸው ዓይን እያዩ ነው። ኑሮውን የምትኖሩት ግን እናንተ ናችሁ። ስለዚህ የከተማውን ስም ለጊዜው ተዉትና ሁለት የአኗኗር ዓይነቶችን አስቡ። በመጀመሪያው ዶርሙ፣ ካፌው፣ ላይብረሪው፣ ክሊኒኩና ኳስ ሜዳው በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ እንዲህ ነው። በሁለተኛው ክፍሉ አንድ ሰፈር፣ መኝታው ሌላ ሰፈር፣ ምሳው እግር ያደረሰበት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ህንጻ ላይ የተከፈቱት የግል ኮሌጆች አብዛኞቹ ከዚህኛው ይመደባሉ።

መሐል ላይ የወደቀም አለ። ስድስት ኪሎ አጥርም፣ ዛፍም፣ ዶርምም አለው። ከበሩ ስትወጡ ግን ታክሲው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱና ሆስፒታሉ እዚያው ፊት ለፊት ነው። ያው ዩኒቨርሲቲ ሳይንሱ አራት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂው አምስት ኪሎ፣ ሕክምናው ጥቁር አንበሳ ነው። «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ» ማለት ብቻውን የት እንደምትውሉ አይናገርም። የምትጠይቁት የትምህርት ክፍላችሁ የት ቁጭ ብሎ እንደሚያስተምር ነው።

1. ከምን እንደምትሸሹ ጻፉ

ወረቀት አውጡና ሁለት መስመር ጻፉ። አንዱ «እዚህ የማልወደው»፣ ሌላው «እዚያ የምፈልገው» ይሁን። የመጀመሪያው ሞልቶ ሁለተኛው ባዶ ከሆነ ገና አልደረሳችሁም ማለት ነው።

ብዙ የዝውውር ጥያቄ ሲገላለጥ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ከዶርም ልጆች ጋር ያልተስማማ ዶርም ቢቀይር ይበቃዋል። ዲፓርትመንቱን የጠላ እዚያው ግቢ ውስጥ ዲፓርትመንት መቀየር ይችል እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። ትምህርቱ የከበደው ደግሞ ቦታ ስለቀየረ አይቀለውም።

ብርዱን በተመለከተ፦ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ ናት። ከቆላ የመጣ ልጅ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩን ሲያይ ሻንጣውን ማሰር ቢጀምር አይፈረድበትም። ግን የመጀመሪያውን ክረምትና በጋ ያለፈ ይለምደዋል። የመንዝ ባና (ከበግ ፀጉር የሚሠራው ብርድ ልብስ) ካላችሁ ደግሞ ግማሹ ችግር ተቃልሏል። አስም ወይም በሐኪም የተረጋገጠ ሌላ ሕመም ካለ ግን ጉዳዩ የብርድ ልብስ አይሆንም። እሱ ቀጥሎ ወደምለው ይወስደናል።

2. የትኛው በር ክፍት እንደሆነ እወቁ

ምርጫ የሚባለው ሁለቱም በር ሲከፈት ነው። ስለዚህ ስለ ካምፓስ ውበት ከማውራታችሁ በፊት ይህን ጨርሱ።

መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደባችሁት በትምህርት ሚኒስቴር ከሆነ ከአንዱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው መሄጃው ጠባብ ነው። በተለምዶ የሚሰማው ምክንያት የጤና ነው። እሱም በሆስፒታል የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ይደገፋል። ከዚያ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ቦታና ተመሳሳይ ፕሮግራም ሊኖረው ይገባል። ዝርዝሩ በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ላይ ስላለ ሬጅስትራር ሄዳችሁ የዝውውሩን ክፍል አንብቡት።

ደላላ አትጠይቁ። «ዝውውር በአጭር ቀን እናስጨርሳለን» የሚሉ የቴሌግራም ቻናሎች ሞልተዋል። ዝውውር የሚፈርመው ሬጅስትራር እንጂ ቻናል አይደለም።

ከግል ወደ ግል ቀላሉ መንገድ ነው። ከመንግሥት ወደ ግልም ይቻላል። ከግል ወደ መንግሥት መደበኛ ፕሮግራም መግባት ግን በተግባር ዝግ ነው ብላችሁ አስቡ። ክፍት የሚሆነው ከፍላችሁ የምትማሩበት የማታ ወይም የቅዳሜና እሁድ ፕሮግራም ነው። የመንግሥት ወንበር ለቆ መውጣት ቀላል፣ መመለስ ከባድ ነው፤ ይህን ያዙልኝ። ስትወጡም ጠፍታችሁ አትቅሩ። ዊዝድሮዋል (ትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ሞልታችሁ ውጡ። ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ሪአድሚሽን (ተመልሶ መግባት) የምትጠይቁት በዚያ ወረቀት ነው።

ከተማ መሐል ወዳለ የግል ተቋም የምትሄዱ ከሆነ አንድ ነገር በደንብ አጣሩ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ብቻ አይደለም። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ ለመደበኛውና ለርቀቱ ለየብቻ ነው። መገናኛ ያለው ቅርንጫፍ ለአካውንቲንግ ፈቃድ አለው ማለት ሳሪስ ያለው ቅርንጫፍም አለው ማለት አይደለም። ለባለአጥሩ ግቢ ይህ ጥያቄ እምብዛም አይነሳም። በየሰፈሩ ቅርንጫፍ ላለው ተቋም ግን የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን አለበት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት አንብቡ፤ የቅርንጫፉን ስም፣ የፕሮግራሙን ስምና ቀኑን እዩ። ከዚያ ከባለሥልጣኑ ጋር አመሳክሩ።

3. ከተማራችሁት ስንቱ ይሻገራል?

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶችን ያስተምራሉ። ስለዚህ የፍሬሽማን ኮርሶች መሻገር ብዙ አያከራክርም። ክርክሩ የሚመጣው ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ይዘቱ የሚለያይ ኮርስ አለ። ይዘቱ አንድ ሆኖ ክሬዲቱ የሚያንስም አለ። ብዙ ተቋማት ከሲ በታች ያገኛችሁበትን ኮርስ አይቀበሉም።

ስለዚህ የእያንዳንዱን ኮርስ መግለጫ ከዲፓርትመንታችሁ ውሰዱ። ተቀባዩ ዲፓርትመንት የትኛውን እንደሚቀበል በጽሑፍ ይስጣችሁ። በቃል «ችግር የለም፣ ግቡ እንጂ» የሚል ሰው በሚቀጥለው ሴሚስተር ሌላ ቢሮ ሊቀየር ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ኮርሶች የሚሰጡት በዓመት አንዴ ነው። አንድ የመጀመሪያ ሴሚስተር ኮርስ ካልተሻገረላችሁና እሱ ለሌሎች ሁለት ኮርሶች ቅድመ ሁኔታ ከሆነ አንዱ ኮርስ ዓመት ይበላል። ሒሳቡን እንዲህ ሥሩ፦ ካላችሁበት ብትቆዩ መቼ ትመረቃላችሁ? ብትዛወሩስ? ልዩነቱ አንድ ዓመት ከሆነ የካምፓሱ ጥቅም ያንን ዓመት መካስ አለበት።

የመውጫ ፈተናውንም አትርሱ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች ከ60 በመቶ በላይ ሲያልፉ ከግሎቹ ያለፉት ከ20 በመቶ በታች ነበሩ። ይህ ከተማ መሐል ያለ ኮሌጅ ሁሉ ደካማ ነው አያሰኝም። ግን ለዲፓርትመንት ኃላፊው «ባለፈው ዙር ስንት አስፈትናችሁ ስንት አለፈላችሁ?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። መልሱ ዙሪያ ጥምጥም ከሄደ መልስ አግኝታችኋል።

4. ሁለቱን ኑሮ ሳታስጌጡ እዩ

ባለአጥሩ ግቢ የሚሰጣችሁ ትልቁ ነገር ጊዜ ነው። ከአልጋ እስከ ክፍል የእግር መንገድ ነው። ማታ ላይብረሪ ገብታችሁ ስትደክሙ ዶርም ትመለሳላችሁ። ያልገባችሁን ወርክሺት የሚያስረዳ ሲኒየር ኮሪደሩ ላይ አለ። የድሮ ፈተና፣ ሃንድአውት፣ የመምህሩ ባህርይ ሳይቀር ከዶርም ዶርም ይተላለፋል። የፈተና ሰሞን ሁሉም ሲሸመድድ ስለሚያድር ሰነፉም ያፍራል።

በዚያው ልክ ውኃ ይጠፋል። መብራት ይጠፋል። አንድ ዶርም ውስጥ አንዱ ሲተኛ ሌላው ስልክ ያወራል። የካፌው ሰዓት ካመለጣችሁ አመለጣችሁ። ነን ካፌ የሆነው (ከግቢው ካፌ የማይበላው) ደግሞ የወሩ መጨረሻ ላይ በበሶ ሲኖር ታገኙታላችሁ። የግቢው በር የሚዘጋበት ሰዓት አለ፤ ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪ) ሲቆጣው ደስ አይልም።

ለተዛዋሪ ግን ከውኃውም ከካፌውም የሚብስ አንድ ነገር አለ፤ ሲመክሩም አይነሳም። ባለአጥሩ ግቢ ውስጥ ጓደኝነት የሚሠራው ፍሬሽማን ላይ ነው። ዶርሙ፣ የጥናት ቡድኑ፣ የሻይ ቡድኑ ያኔ ይቋጠራል። እናንተ ሦስተኛ ዓመት ላይ ስትደርሱ የሚጠብቃችሁ ክፍት የቀረ አንድ አልጋ ነው፤ አምስቱ የተዋወቁበት፣ እናንተ ስድስተኛ የምትሆኑበት። የግሩፕ አሳይመንት ሲመጣ ቡድኑ ቀድሞ ሞልቶ ይጠብቃችኋል። ይህ ያልፋል፤ ግን አንድ ሴሚስተር ይፈጃል። መግቢያ በር የሚሆኑት ብዙውን ጊዜ ግቢ ጉባኤው፣ ጀመዓው ወይም ፌሎሺፑ ናቸው። እዚያ አዲስ ሰው መቀበል የተለመደ ነው።

ከተማ መሐል ያለው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አዲስ መሆናችሁን ማንም ልብ አይልም። ሁሉም የሚመጣው ከቤቱ ነው፤ ግማሹ ሥራ አለው፤ አንዳንዱ ልጅ አለው። ቡድን ለመግባት ስልክ ቁጥር መለዋወጥ ይበቃል። ግን 11 ሰዓት ላይ መምህሩ ሲወጣ ክፍሉ ባዶ ይሆናል። ቅዳሜ የሚደውልላችሁ ሰው ላይኖር ይችላል። ብቸኝነት የሚመጣው እዚያ ጋ ነው። ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ የሄደ፣ ጎረቤት በር ሳያንኳኳ ሲገባ ያደገ ልጅ ይህን አይገምተውም።

ከተማው የሚሰጠውም ቀላል አይደለም። የኮሌጁ ላይብረሪ አንዲት ክፍል ብትሆን አራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር አለ። ልምምድ የሚሰጥ ድርጅት፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ በየሳምንቱ የሆነ ስብሰባና ሥልጠና አለ። ባለአጥሩ ግቢ ውስጥ ነገሩ ወደ እናንተ ይመጣል። ከተማ ውስጥ እናንተ ካልሄዳችሁ ምንም አይመጣም። ተነስቶ የማይሄድ ልጅ አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ኖሮ የሚያውቀው የታክሲውን መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ብዙ ሰው አለ።

የትምህርት ዘርፉም ይወስናል። ጋዜጠኝነት ወይም ሕግ የምትማሩ ከሆነ ሚዲያው፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቱ፣ መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው። ግብርና ከሆነ መሬት ያለው ግቢ ያስፈልጋችኋል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ገብስ አይዘራም። ምሕንድስና ላይ «ኢንዱስትሪው አዲስ አበባ ነው» የሚለው ወሬ ግን ያረጀ ነው። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ የሐበሻና የዳሽን ቢራ ፋብሪካዎች፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም አሏት። ለልምምድ ሦስት መቶ ተማሪ ከተሰለፈበት የአዲስ አበባ ፋብሪካ ይልቅ እዚህ ቦታ የምታገኙበት ዕድል ሊሰፋ ይችላል። ጤና የሚማሩትም የአሥራት ወልደየስ የጤና ሳይንስ ካምፓስንና የሐኪም ግዛው ማስተማሪያ ሆስፒታልን ሳያዩ አይወስኑ።

የመንገዱን ነገር ወላጅ ሁሉ ስለሚያስበው ልዘለው አልችልም። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን መንገድ የተዘጋበት ጊዜ አለ። እንዲህ ሲሆን ባለአጥሩ ግቢ ሁለት ገጽ አለው። ካፌው ያበላችኋል፤ መኝታም አላችሁ። ግን ቤት መሄድ አትችሉም። ከተማ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ ደግሞ ከቤት የሚላከው ጤፍና ብር ከዘገየ ኮሌጁ የሚያበላበት ግዴታ የለበትም። ሁለቱንም አስቡና ለአንድ ወር የሚሆን መጠባበቂያ ይኑራችሁ።

5. አንድ ተራ ማክሰኞ ቁጠሩ

ለእኔ ዋናው ደረጃ ይህ ነው። ለሁለቱም ቦታ አንድ ተራ ማክሰኞን ከመነሳት እስከ መተኛት ጻፉ። የምረቃ ቀን አይሁን። የመጀመሪያው ቀንም አይሁን። ዝናብ ያለበት ተራ ማክሰኞ።

እንበል የምታድሩት ላምበረት አካባቢ ነው፤ ኮሌጁ ሜክሲኮ ነው። ክፍል የሚጀምረው 2 ሰዓት ነው። የታክሲ ሰልፍ፣ መገናኛ ላይ ቅያሬ፣ መጨናነቅ ተደምሮ ደርሶ መልስ 3 ሰዓት ይፈጃል ብላችሁ ያዙ። በሳምንት 5 ቀን 15 ሰዓት ነው። በ16 ሳምንት ሴሚስተር 240 ሰዓት ይሆናል። ባለአጥሩ ግቢ ውስጥ ይህ ሰዓት የእናንተ ነው።

ግን ሐቁን እንናገር። ያንን ሰዓት ምን ትሠሩበታላችሁ? ከላውንጅ ወደ ዲኤስቲቪ ቤት፣ ከዲኤስቲቪ ቤት ወደ ዶርም ከሆነ የተረፈ ነገር የለም። ታክሲ ውስጥ ሃንድአውት የሚያነብ ልጅ ይበልጣችኋል። ስለዚህ ማክሰኞዋን ስትጽፉ መሆን የምትፈልጉትን ሰው አትጻፉ። ባለፈው ማክሰኞ ያደረጋችሁትን አስታውሱና እሱን ሰው እዚያ ውሰዱት።

ቤት መሄጃውንም በመኪና መንገድ ለኩ። ሰሜን ሸዋ ስለሆንን ሁላችንም ለደብረ ብርሃን ቅርብ ነን ማለት አይደለም። የመንዝ ልጅ በጣርማ በር አድርጎ ደብረ ብርሃን ይገባል፤ ለሱ ቅርብ ናት። ከዓለም ከተማ የሚነሳ የመርሐቤቴ ልጅ ግን ጀማን ተሻግሮ በለሚ በኩል ሙከጡሪ ይወጣል፤ ከዚያ አዲስ አበባም ፍቼ ያለው ሰላሌ ዩኒቨርሲቲም ሩቅ አይደሉም። የምንጃር ልጅ ከአረርቲ ሲነሳ መንገዱ ወደ ሞጆ ነው፤ አዳማና ቢሾፍቱ ይቀርቡታል። ለአጣዬ ልጅ ደግሞ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ካምፓስም ሩቅ አይደለም። ካርታ ላይ ያለ የዞን መስመር ትራንስፖርት አይከፍልም።

6. ዘመድ ቤት ለማደር ካሰባችሁ

የሰሜን ሸዋ ልጅ ከተማ መሐል ያለ ኮሌጅ ሲመርጥ ከጀርባው ብዙ ጊዜ አንድ አክስት ወይም አጎት አለ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» እንዲሉ፣ ማንም ልጁን ኪራይ ቤት አይጥልም። ጥሩ ነገር ነው። ወጪውን በግማሽ ይቀንሳል፤ ትኩስ እንጀራም አለ። ግን የሚበላሸው በጭቅጭቅ ሳይሆን ባልተነገረ ነገር ነው።

በዚያ ቤት እናንተ እንግዳ አትሆኑም፤ ተከራይም አትሆኑም። የቤት ልጅ ናችሁ። የቤት ልጅ ይላካል። ሕፃኑን ከትምህርት ቤት ያመጣል፤ የሦስተኛ ክፍሉን ልጅ ሒሳብ ያስጠናል፤ እንግዳ ሲመጣ ሳሎኑን ይለቃል። ሴት ከሆናችሁ ደግሞ ወጡ፣ ቡናው፣ እቃ ማጠቡ ይጨመራል። ወንዱ የአጎት ልጅ ቴሌቪዥን ሲያይ እናንተ ጓዳ ናችሁ። ይህን ማንም በክፋት አያደርገውም። ልማድ ነው። ግን ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ሲመጣ ዋጋውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ንግግሩ ይደረግ። የመጀመሪያውን አባት ወይም እናት ያድርጉት፤ ከታላቅ ለታላቅ ሲሆን ይከብራል። «ልጄን አደራ» ከማለት አልፈው «ትምህርቱ ከባድ ነው፣ ማታ የሚያጠናበት ቦታ ይኖረዋል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ቀጥሎ እናንተ ዝርዝሩን በአክብሮት አንሱ። «እትዬ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ክፍሌ የሚያልቀው 12 ሰዓት ነው። ቤት ስደርስ ይመሻል። በሩን ማን ይክፈትልኝ?» እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንንም አያስቀይምም። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት የታዘዝኩትን ሁሉ እሠራለሁ፣ የፈተና ሰሞን ግን ላይብረሪ ልዋል» ማለትም ያስከብራል እንጂ አያስነቅፍም።

ባዶ እጅ አይኬድም፤ ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። የምንጃር ጤፍ፣ የመንዝ ቅቤ፣ ትንሽ ምስርና በሶ ሲላክ የቤቱ ሒሳብ ይቀልላል። አስቤዛው በወጣ ቁጥር አንድ ነገር የምታዋጡ ከሆነ ደግሞ ቀና ብላችሁ ትኖራላችሁ።

ከቻላችሁ በሴሚስተር ዕረፍት ሄዳችሁ ሰንበት በሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት አትቁጠሩት፤ እንግዳ ናችሁ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ማን ምን እንደሚያዝ፣ ቴሌቪዥኑ ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ፣ መጽሐፍ ዘርግታችሁ የምትቀመጡበት ጠረጴዛ እንዳለ ታያላችሁ። ጠረጴዛ ከሌለ ባለአጥሩ ግቢ የተሻለ ነው ብዬ በድፍረት እናገራለሁ።

7. ብሩ መቼ ይወጣል?

ስንት እንደሚወጣ ሁሉም ይጠይቃል። መቼ እንደሚወጣ ግን ብዙ ሰው አያስበውም።

መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የወጪ መጋራት ትፈርማላችሁ። የምግብና የመኝታው ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶው በስማችሁ ይመዘገባል፤ የምትከፍሉት ከተመረቃችሁ በኋላ ነው። ከተማ ያለው የግል ኮሌጅ ክፍያውን አሁን ይፈልጋል። የቤት ኪራዩም በየወሩ፣ ያውም የተወሰነ ወር ቅድሚያ ተጠይቆ ነው።

አሁን የአባታችሁን ዓመት አስቡ። ገበሬ ከሆኑ እህሉ የሚገባው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በግ የሚሸጠው ለዘመን መለወጫ፣ ለገናና ለፋሲካ ነው። ምዝገባው ግን የሚመጣው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፤ ጎተራው ባዶ በሆነበት። ከዚያ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ኪራዩ ሲቀጥል በልግ ያልቀናው ቤተሰብ እጅ ያጥረዋል። ደመወዝተኛ ቤተሰብ ወርሃዊ ክፍያን ይችለዋል፤ ገበሬ ግን አንዴ ሸጦ አንዴ መክፈል ይቀለዋል። ኮሌጁ በሴሚስተር ወይም በዓመት መቀበል ይችል እንደሆነ ጠይቁ።

ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምትወጡ ከሆነ እስካሁን የተመዘገበው የወጪ መጋራት ዕዳ አብሯችሁ ይሄዳል። ማስረጃ ለማውጣት እንቅፋት እንዳይሆን ከመውጣታችሁ በፊት ሬጅስትራርን አነጋግሩ።

8. ሄዳችሁ እዩ፤ በሥራ ቀን

የምረቃ ዕለት ግቢ ሁሉ ያምራል። እሁድ ደግሞ ሁሉም ጸጥ ያለ ነው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ሂዱ።

ባለአጥሩ ግቢ ከሆነ ማታ 1 ሰዓት ላይ ላይብረሪ ግቡና ክፍት ወንበር ፈልጉ። ቧንቧ ክፈቱ። ሽንት ቤት ግቡ፤ ከማንኛውም ብሮሹር በላይ ይናገራል። ላብራቶሪው ውስጥ ማሽኑ ላይ አቧራ ካለ ማንም አይነካውም ማለት ነው። ሴት ተማሪዎች ከላይብረሪ እስከ ዶርም ያለውን መንገድ ሲመሽ ይሂዱበት፤ መብራት አለ ወይስ በስልክ ባትሪ ነው? የሚጠየቀው ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ፍሬሽማኑ ገና አላየም፤ ተመራቂው ሁሉን ረስቷል።

ከተማ ያለው ከሆነ ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት ከምታድሩበት ተነስታችሁ በታክሲ ሂዱ። ራይድ አትጥሩ። ህንጻው ውስጥ ስንቱ ፎቅ የኮሌጁ እንደሆነ እዩ። ከታች ሙዚቃ ቤት፣ ከላይ ጂም ካለ መምህሩን አትሰሙትም። ጄኔሬተር መኖሩን ጠይቁ። በሁለት ክፍል መሐል የሁለት ሰዓት ክፍተት ቢኖር የት ትቀመጣላችሁ? መልሱ «ካፌ» ከሆነ በየቀኑ ማኪያቶ እየገዛችሁ ነው የምታጠኑት።

9. ወረቀቱ በቅደም ተከተል ይሁን

መጀመሪያ ከተቀባዩ ተቋም የመቀበያ ደብዳቤ ያዙ። እሱ በእጃችሁ ሳይገባ ክሊራንስ (ካላችሁበት ተቋም መልቀቂያ) እንዳትጀምሩ። ክሊራንስ ጨርሳችሁ ቦታ የለም ከተባላችሁ ሜዳ ላይ ናችሁ።

ከደብዳቤው በኋላ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ትጠይቃላችሁ፤ የሚላከው ከተቋም ወደ ተቋም ስለሆነ እንደ ደረሰ ራሳችሁ ተከታተሉ። ለራሳችሁ ስቱደንት ኮፒ አስቀሩ። የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የኮርስ መግለጫዎቹ፣ የጤና ጉዳይ ከሆነ የቦርዱ ማስረጃ አብረው ይሁኑ። ስማችሁ በሁሉም ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን እዩ። በእንግሊዝኛው አንድ ፊደል ብትለይ የመውጫ ፈተና ምዝገባ ላይ ታስቸግራችኋለች።

ይህን ሁሉ ሴሚስተር ሲያልቅ አድርጉት። በመሐል የሚወጣ ሰው የተማረውን ግማሽ ሴሚስተር ይጥላል።

10. የገባችሁ ሰሞን

የመጀመሪያ ሳምንት አድቫይዘራችሁን አግኙና የተሻገሩላችሁ ኮርሶች ሬጅስትራር ሲስተም ላይ መግባታቸውን አረጋግጡ። ደብዳቤ ላይ መጻፉ አይበቃም። ኮርስ መጨመሪያና መቀነሻው ቀን ሳያልፍ የጎደለውን አስተካክሉ። መጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ክሬዲት አታብዙ። የሴሚስተሩ ግሬድ ሪፖርት ሲወጣ ደግሞ የተሻገሩት ክሬዲቶች አብረው መደመራቸውን ቁጠሩ፤ ከጎደለ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ አመልክቱና የገባበትን ቁጥር ተቀበሉ።